ሀረጎን ከነሚክሰሯ የምትወጣ ፒካፕ፤ ያገለገለች ናፍጣ መኪና ለመጎተቻ ስትገዙ

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የኮንክሪት ሚክሰርና ቫይብሬተር አከራያለሁ። ሚክሰር ደግሞ በራሱ አይሄድም። አንዱ ሳይት ሙሌት ሲጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ነገ ደሴ፣ ከነገ ወዲያ ሐርቡ። እንጀራዬ ያለው በአንዲት ፒካፕ ጀርባ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያዋን መኪና ስገዛ ፊቷን አይቼ ነው የገዛሁት። ነጭ፣ የተወለወለች ደብል ጋቢና። ሻጩ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገልኝ፤ እንደ ውሃ ፈሰሰች። በሦስተኛው ሳምንት ሚክሰሩን አስረን ወደ ደሴ ስንወጣ ሀረጎ በሚባለው ዳገት መሃል ላይ ፍሪሲዮኗ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያያይዘው፣ ተቃጠለ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሹፌሬ ዘሎ ወርዶ ጎማ ስር ድንጋይ ወተፈ፤ እኔ ከኋላ የሚመጡትን የጭነት መኪኖች በነጠላዬ እያውለበለብኩ አስቆምኩ። ጋራዥ ገብታ ስትፈታ ደግሞ የባሰው ታየ። ከመጎተቻው አጠገብ ሻንሲዋ ተሰንጥቆ፣ በብየዳ ተይዞ፣ በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ሁለት ወር ሥራ ቆመ።

ሁለተኛዋን ለማግኘት አምስት ወር ፈለግኩ። አሥራ አንድ መኪና አየሁ። አብሮኝ የዞረው ደሴ የሚኖር አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ ልጄ ይለኛል። እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ከሱ ጋር መኪና ስር ተኝቼ ያየሁት ነው። ሚክሰር ባትጎትቱም፣ ጄኔሬተር ወይም የውሃ ታንከር ወይም መውቂያ ማሽን ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ የምትጎትቱትን መዝኑ። በግምት አትሂዱ። እኔ ሚክሰሬን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስወጣኋት፤ 740 ኪሎ ሆነች። ጋሼ ከበሮውን ቀና ብሎ አየና «ይሄንን የደረቀ ኮንክሪት አስፈልፍይው» አለኝ። ልጆቹ ግማሽ ቀን በመዶሻና በመሮ ሲቀጠቅጡ ዋሉ። ተመልሳ ስትመዘን 660 ኪሎ። ሰማንያ ኪሎ ድንጋይ በየቀኑ ዳገት ሳወጣ ነበር ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል? ለአብዛኞቹ ፒካፖች ፋብሪካው የሚፈቅደው፣ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ነው። ከዛ በላይ ከሆነ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ቶን ነው፤ ታንከሩና ጎማው ሳይቆጠር። ውሃ ደግሞ ይናጣል፣ ኩርባ ላይ መኪናዋን ይገፋታል። የውሃ ታንከር የምትጎትቱ ሰዎች ፍሬን የሌለው ተሳቢ ይዛችሁ ሀረጎን አትውረዱ፤ የትኛዋም ፒካፕ ከዛ አታድናችሁም።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። እዚህ ላይ የአገራችንን አቀማመጥ ማሰብ ግድ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ደሴ ስትደርሱ ከጉልበቱ ሩቡ የለም። ፖምፓው ግን ያንኑ ናፍጣ ይልካል። አየር ያነሰው ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም፣ በማርሚታው ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ ያላት መኪና ግን አየሩን ጨምቃ ስለምታስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ትመልሳለች።

በዚህ ምክንያት ነው አሮጌውን ቱርቦ የሌለው ሃይሉክስ፣ 5ኤል የሚባለው ሞተር ያለበትን፣ እየወደድኩት ያለፍኩት። ጠንካራ ነው። ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ የትም ገጠር ይሠራል፣ ለመጥፎ ናፍጣም ታጋሽ ነው። ወደ ሐርቡና ከሚሴ በሜዳው ለሚሠራ ሰው እመክረዋለሁ። ሚክሰር አስሮ ሀረጎን ሲወጣ ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚሞተው። የማዞር ጉልበቱ (ቶርክ የሚሉት) 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ዲፎርዲ የምንለው ባለ 3.0 ሊትሩ ሃይሉክስ ወደ 343 ይደርሳል፤ ልዩነቱን ዳገቱ ላይ በእግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ዲፎርዲ ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 አለ። ሁለቱም ቱርቦ አላቸው፣ ሁለቱም የሞተራቸውን ውስጥ የሚያዞረው ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መቀየር አለበት። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት፣ ዋጋውንም ከሂሳቡ ቀንሱ። ቺንጋ ሲበጠስ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። የኢሱዙ ዲማክስ ባለ 3.0ው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው የሚዞረው፤ ጉልበቱም ጥሩ ነው። የሚትሱቢሺ ኤል200 አሮጌው ሞተር በቺንጋ ነው። የላንድክሩዘር ፒካፕ ባለ 4.2ው ቱርቦ ባይኖረውም በትልቅነቱ ይጎትታል፤ ዋጋው ግን እንደኔ ላለ ሰው አይቀመስም። እኔ ቶዮታ የመረጥኩት ዕቃው ደሴም ኮምቦልቻም በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። መኪናዬ ሦስት ቀን ከቆመች ደንበኛ ይሄድብኛል።

የ3.0ው ዲፎርዲ አንድ የታወቀ በሽታ አለበት። ኢንጄክተሮቹ የሚቀመጡበት የመዳብ ማሸጊያ ሲበላ፣ የተቃጠለው ጋዝ እያፈተለከ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ከታች ዘይቱን የሚስበው ወንፊት በጥላሸት ይደፈናል። ከዛ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ማሸጊያው ራሱ ርካሽ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ማሸጊያው መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ባያውቀው እንኳ ለጥያቄው የሚያሳየው ፊት ብዙ ይነግራችኋል።

ኢንጄክተር ከተነሳ ናፍጣውንም ፈትሹ። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ብዙ ሰው ከጀሪካን ነው የሚቀዳው። ውሃ ያለበት ናፍጣ የዲፎርዲን ኢንጄክተር ይጨርሳል፤ የአራቱ መተኪያ ዋጋ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ጋሼ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፤ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱን አስፈቅዶ ከናፍጣ ማጣሪያው ስር ያለውን ማፍሰሻ ይፈታና ትንሽ ይቀዳል። ሃይላንዱን መሬት ላይ አስቀምጦ አምስት ደቂቃ ያወራል። ውሃ ካለ ወደ ታች ይሰፍራል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰባተኛዋን መኪና ያስተውኝ ያ መስመር ነው። በጣም ወድጃት ነበር።

የት ነው የሚገኙት ለሚል ጥያቄ፣ ደላላ ጋ ብቻ አትቁሙ። ደላላ ያስፈልጋል፣ አልጠላቸውም፤ ግን የሚያሳዩህ የሚሸጠውን እንጂ የሚያዋጣህን አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች የሚያወጡትን ጨረታ ተከታተሉ። ፕሮጀክት የጨረሰ ተቋራጭም ፒካፖቹን ይሸጣል። የፕሮጀክት መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ይኖረዋል፤ ሰርቪሱ በጊዜው የሆነ 250,000 ግን ባለቤቱ ከማይታወቅ 120,000 ይሻለኛል። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳል ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ግን እውነቱን ይናገራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የድሮ ሹፌሯን ማግኘት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሰፊ ከተማ አይደሉም፤ «ይቺ መኪና የማን ነበረች?» ብትሉ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሰው ይነግራችኋል። አሁን ያለችኝን መኪና አምስት ዓመት የነዳትን ሰውዬ አፈላልጌ ቡና ጋበዝኩት። ሁለተኛውን ስኒ ሲጠጣ ነው የተናገረው። «እትዬ፣ ሞተሯን ማንም አልነካውም። ዲፍረንሻሏ ግን አንዴ ዘይት አልቆባት ስትጮህ ሰምቻታለሁ» አለኝ። ዲፍረንሻል ማለት የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን ነው። ሻጩ ይሄን አልነገረኝም። ዲፍረንሻሉን አስፈትሼ፣ ኩሽኔታው እንደሚቀየር አውቄ፣ ዋጋውን አስቀንሼ ገዛሁ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ በበዓል በበዓል እደውልለታለሁ።

አሁን መኪናዋ ፊታችሁ ቆማለች እንበል። ኮፈኑን አትክፈቱ። ወደ ኋላ ዙሩ። ለመጎተቻ የሚገዛ ሰው መኪናን ከጭራዋ ነው የሚጀምረው። ሞተር ይወርዳል፣ ይሠራል፤ የተሰበረ ሻንሲ ግን እንደ ድሮው አይሆንም።

በሦስትና አራት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ከጎን እዩዋት። በጋቢናውና በካሶኒው (በጭነት ሳጥኑ) መሃል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ላዩ ሰፍቶ ታቹ ከጠበበ ጭራዋ ወርዷል ማለት ነው፤ ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲው ታጥፏል። ደብል ጋቢና ላይ ይሄ ይበዛል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሚገፋ። ለዚህ ነው ሰው የማልጭን ከሆነ ነጠላ ጋቢና የምመርጠው።

ቀጥሎ ስር ግቡ። ካርቶን አንጥፉ፣ ልብሳችሁን አትሳሱለት። በእጅ ባትሪ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ተከተሉት። የባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች፣ ማሰሪያ ያለበትን ቦታ በተለይ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ወይም ሬንጅ ካያችሁ በቁልፍ ጫር ጫር አድርጉት። ብየዳ ከስሩ ከወጣ ተነሱና አመስግናችሁ ሂዱ። መጎተቻ ተገጥሞላት ከሆነ የብሎኖቹን ቀዳዳዎች እዩ። ክብ የነበረው እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ ከአቅሟ በላይ ስትጎትት ኖራለች። መጎተቻው የተበየደው ባምፐር ላይ ብቻ ከሆነ እሱ ጌጥ ነው፤ ከሻንሲው ግራና ቀኝ በብሎን መያዝ አለበት። የባሌስትራውን ምላሶች ቁጠሩ፣ የተሰበረ ካለ እዩ። ካርዳኑን፣ ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን ዘንግ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ አወዛውዙት፤ ክሮቼራው (መገጣጠሚያው) ቀጭ ቀጭ ካለ ተበልቷል፣ ይሄኛው ግን ቀላል ወጪ ነው።

ሞተሩን ለማየት ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ከተቻለ ደሴ ላይ። የጦሳ ተራራ ብርድ ጥሩ መካኒክ ነው። ከማታው ለሻጩ ደውላችሁ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ አስቀድሞ ተነስቷል። ለምን? ቀዝቃዛ ሞተር መልካም ጎኑንም ጉዱንም አይደብቅም። ራዲያተሩን የምትከፍቱትም በዚሁ በብርዱ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ከከፈታችሁ ፊታችሁን ያቃጥላችኋል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወይም ጓርኒሲዮኑ (የሱ ማሸጊያ) ሄዷል። ዘይቱ ጥቁር ስለሆነ ግን አትደንግጡ፤ የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በሳምንቱ ይጠቁራል።

ስትነሳ ትንሽ ነጭ ጢስ ወጥቶ ቶሎ ቢጠፋ ብርድ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷታል ወይም ኢንጄክተሯ ተበላሽቷል። አሁን እየሠራች የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና እዛው ቀዳዳው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደግ ነው። ዘሎ ከወደቀ፣ ጢስም ሽው ብሎ ከወጣ፣ ፒስተኖቹ ላይ ያሉት ፋሻዎች ደክመዋል። ሞተሩ ሊወርድ ነው ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ካለፈች ቀሪው ፈተና ሀረጎ ነው። ባዶዋን አትፈትኗት። ያንተን ተሳቢ ማሰር ካልተቻለ ካሶኒው ላይ 8 ወይም 9 ኩንታል አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ጫኑባት። ሻጩ እምቢ ካለ ለሰዓቱ የናፍጣውን እኔ እሸፍናለሁ በሉት። ያም ሆኖ እምቢ ካለ ምክንያቱን እሱ ያውቃል።

ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። መሃል ላይ መቆም አለበት፣ ወደ ላይ መሳብ ከጀመረ ቁሙ። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን በአራተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እያለች ናፍጣውን እስከ ታች እርገጡ። ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የእኔ የመጀመሪያዋ መኪና ይሄን ሜዳ ላይ ብትፈተን ኖሮ ትያዝ ነበር። ቱርቦው ቀጭን ፉጨት ይኖረዋል፤ እንደ ሳይረን ካለቀሰ ግን ኩሽኔታው አልቋል። ከላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ሁለት ደቂቃ አቁሟት። ስሯን እዩ፣ አሽትቱ። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፈላ ውሃ፣ ዘይት።

ከዛ መውረድ ነው። እኔ መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ነው የምፈራው። በሁለተኛ ማርሽ አስገቡና እግራችሁን ከናፍጣውም ከፍሬኑም አንሱ። ሞተሩ ይዞ ሊያወርዳችሁ ይገባል። ማርሿ ከተፋች፣ ማለትም ወደ ዜሮ ዘላ ከወጣች፣ ለመጎተቻ አትሆንም፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተሠርቶ ካልሆነ በቀር። በየመሃሉ ፍሬን ያዙ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። ወደ አንድ ጎን ከሳበች አንዱ ጎማ ፍሬን እየያዘ አይደለም። ታች ስትደርሱ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሃል ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩት። የፊተኞቹ መጋላቸው ያለ ነው። ግራና ቀኙ ግን እኩል መሆን አለባቸው። እጅ ፍሬኑንም ዳገት ላይ፣ ከነጭነቷ፣ ሞክሩት።

ወረቀቱን በሞተሩ ደስታ ተይዛችሁ አትርሱት። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር፣ የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ፣ ፊደል በፊደል ይመሳከር። ቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም መፋቅ ካለ ተዉት። በ2014 ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲደርስ ስንቱ ሰው መኪናውን አጥቷል፤ የሌላ ሰው እንባ ያለበትን ንብረት መግዛት የሚፈልግ አይኖርም። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ከመንገድ ትራንስፖርት አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ ገብታ ከሆነ ቀረጧ ሳይከፈል ስሟ አይዞርም፤ የድርጅት መኪና ስትገዙ ይሄን መጀመሪያ ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩም ይፈርም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን ሰነድ አረጋጋጭ ጋ አረጋግጡ። ከዛ በፊት ሙሉ ብር አትስጡ።

ካላችሁ ገንዘብ ከአሥር አንዱን ሳትነኩ አስቀሩ። በገዛሁ በሁለተኛው ቀን የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፍረንሻል ዘይት፣ ማጣሪያዎቹን፣ ቺንጋውንና የፍሬን ዘይቱን በሙሉ አስቀየርኩ። የፍሬን ዘይት ሲያረጅ ውሃ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል።

የእኔዋ ባለ 2.5 ዲፎርዲ ነጠላ ጋቢና ናት። ቀለሟ ደብዝዟል፣ የግራ በሯ ተጭሯል። ሀረጎን ከነሚክሰሯ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች። ሚክሰሩ ባሌስትራ ስለሌለው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አናስነዳትም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ ዳር ይዘን ከኋላ ያሉትን እናሳልፋለን። መጎተቻውን ስታስገጥሙ ብሎኖቹን ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አስጠብቁ፤ መላላታቸው አይቀርም። ከመጎተቻው ሌላ ደግሞ ሁለት ሰንሰለት ከተሳቢው ወደ ሻንሲው ታስረው፣ ከስር እንደ መስቀል ተጠላልፈው ይሁኑ። ፒኑ ቢወልቅ የተሳቢው አፍ መሬት ከመምታቱ በፊት ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ሹፌሬ ጠዋት ጠዋት ሳይነሳ ሁለቱንም በእጁ ስቦ ያያቸዋል፤ እኔም ካለሁ እደግመዋለሁ።